መጋዝ በማይገባበት የሚገባ መጋዝ

(መርካቶ፣ አዲስ ከተማ፤ ለነጋዴዎች፣ ለእጅ ባለሙያዎችና ለተራራ ተጓዦች የቀረበ ዲስኩር)

ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ውላችሁ፣ ሱቅ ዘግታችሁ ወደ ቤት መሄድ ሲገባችሁ እዚህ መምጣታችሁን አውቃለሁና ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

በእጄ የያዝኩት ዕቃ የሽቦ መጋዝ ነው። ከኋላ ላላችሁት ላይታያችሁ ይችላል። ክንድ ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ሻካራ ሽቦ ነው፤ ግራና ቀኝ ጫፉ ላይ ጣት የሚገባበት ቀለበት አለው። ሲጠቀለል የሸሚዝ ኪስ ይበቃዋል። የጉዞ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ከፊሽካ፣ ከኮምፓስና ከእሳት መጫሪያ ጋር በአንድ ላስቲክ ታሽጎ ታገኙታላችሁ። ማሸጊያው ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ደረተ ሰፊ ሰው ጫካ መሐል ወፍራም ግንድ ሲገዘግዝበት ይታያል።

ሥዕሉን አትመኑ። በዚህ ሽቦ ወፍራም ግንድ ልቁረጥ ያለ ሰው ወይ ሽቦው ይበጠስበታል ወይ ክንዱ ይዝላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም በየተራ ይደርሱበታል። ከዚያ «ፎርጅድ ነው» ብሎ ይወረውረዋል። አንዳንዱ በእርግጥ ፎርጅድ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ነገር ግን ደህናውም ቢሆን ዛፍ ለመጣል ተብሎ አልተሠራም። የተሠራው ሌላ መጋዝ በማይገባበት ጠባብ ቦታ ገብቶ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲቆርጥ ነው። ዛሬ የምላችሁ ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጫካ ሳይሆን ከማዋለጃ ክፍል ነው። ሊዮናርዶ ጂሊ የሚባል የፍሎረንስ አዋላጅ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1894፣ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው፣ ምጥ ለጸናባቸው እናቶች አንድ መላ አመጣ። በዚያ ዘመን ሆድ ቀዶ ማዋለድ እናቲቱን ለሞት የሚያሰጋ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች የዳሌውን አጥንት ከፊት በኩል ቆርጠው የሕፃኑን መውጫ ማስፋት ይሞክሩ ነበር። ችግሩ መጋዙ ነው። ተራ መጋዝ ከላይ ወደ ታች ይቆርጣል፤ አጥንቱን ሲጨርስ ቀጥሎ የሚያገኘው ፊኛውንና የደም ሥሩን ነው። ጂሊ ጥርስ ያለው ሽቦ ከአጥንቱ በስተኋላ አሳለፈና ሁለቱን ጫፍ ይዞ ወደ ራሱ መሳብን አሰበ። ሽቦው አጥንቱን ጨርሶ ሲወጣ የሚያገኘው አየር ብቻ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1908 ገና በ44 ዓመቱ ሞተ፤ በሕክምናው ዓለም ግን መጋዙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይኸው ሽቦ የራስ ቅል መክፈቻ ሆነ። ሐኪሙ ቅሉን እዚህና እዚያ በመሰርሰሪያ ይበሳል። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው፣ በአጥንቱና በአንጎሉ ሽፋን መካከል፣ ቀጭን መሪ ያሳልፋል፤ መሪው ሽቦውን ይዞት ይወጣል። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ በመያዣ ይዞ ወደ ላይ እየሳበ ይገዘግዛል። አጥንቱን ሰያፍ አድርጎ ስለሚቆርጠው፣ ክዳኑ ተመልሶ ሲገጠም ወደ ውስጥ አይሰምጥም። በሞተር የሚሠራ መቁረጫ በሌለበት ወይም በተበላሸበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ሁሉ፣ በዓለም ዙሪያ፣ የእጅ መሰርሰሪያና የጂሊ ሽቦ ዛሬም ሥራ አልፈቱም። በመቶ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ያልተሻረ የእጅ መሣሪያ ስንት ታውቃላችሁ?

የእንስሳት ሐኪሞችም ያውቁታል። ቢሾፍቱ ካለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተመረቀ ሰው ብትጠይቁ ያስረዳችኋል፦ ጥጃ ሆዷ ውስጥ ሞቶ አልወጣ ያላትን ላም ለማትረፍ ሽቦው በብረት ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ቱቦው የላሚቱን ማህፀን ይጠብቃል፣ ሽቦው የሞተውን ጥጃ እዚያው ቆራርጦ ለመውጣት ያበቃዋል። ሐኪሙ ውጭ ቆሟል፤ መጋዙ ግን ቢላ ሊገባ በማይደፍርበት ቦታ ይሠራል። የእብነ በረድ ካባ ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ዐለቱን ከሁለት አቅጣጫ ሰርስረው ቀዳዳዎቹን ውስጥ ለውስጥ ያገናኛሉ፤ የአልማዝ ፍሬ የተሰካበት ሽቦ በዚያ ያሳልፉና ጫፍና ጫፉን አጋጥመው በሞተር ያሽከረክሩታል። ሽቦው እየተሳበ ዐለቱን ከሆዱ ይቆርጠዋል። የመርካቶን አዳዲስ ሕንፃዎች ደረጃ ስትወጡ የምትረግጡት እብነ በረድ ከቤቱ የሚወጣው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው።

ታዲያ የሐኪም ዕቃ እንዴት የተጓዥ ዕቃ ሆነ? በጦርነት ነው። በታኅሣሥ 1932 ዓ.ም. እንግሊዞች ኤም አይ 9 የሚባል ምስጢራዊ ክፍል አቋቋሙ። ሥራው በጠላት ምድር የወደቁ አብራሪዎችና የተማረኩ ወታደሮች አምልጠው እንዲመለሱ መርዳት ነበር። ካርታውን በሐር ጨርቅ ላይ አተሙት፤ ሲታጠፍ ስለማይንኮሻኮሽ ጠባቂ አይሰማውም። ኮምፓሱን በልብስ ቁልፍ ውስጥ ደበቁት። የጂሊን መጋዝ ደግሞ በጫማ ማሰሪያ ውስጥ ከተቱት። ፈታሹ የምርኮኛውን ኪስ ያራግፋል እንጂ የጫማውን ክር አይተረትርም። ያን ጊዜ እኛ አሁን የተቀመጥንበት ሰፈር ገና መቋቋሙ ነበር፤ ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደዚህ ወደ ምዕራብ ያዛወረው በወረራው ዓመታት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሽቦው በኮማንዶዎች ዕቃ ውስጥ ቀረ። በእንግሊዙ የኮማንዶ ክፍል በኤስ ኤ ኤስ ለ26 ዓመታት ያገለገለው ጆን ዋይዝማን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው የዱር ኑሮ መመሪያ፣ ኪስ በምትገባ ቆርቆሮ ውስጥ ከሚከተቱ ዕቃዎች አንዱ አድርጎ አስገባው። ምክሩም ጥሩ ነው፤ ትልልቆቹን ቀለበቶች አውጥታችሁ ጣሉ፣ ሲያስፈልግ ከጫካው እንጨት ቆርጣችሁ እጀታ አድርጉለት፣ ሽቦውን እንዳይዝግ ግራሶ ቀቡት ይላል። መጽሐፉ በዓለም ዙሪያ ተሸጠ፤ ዛሬ ከቻይና የሚመጣው የላስቲክ እሽግ ሁሉ የዚያች ቆርቆሮ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ግን እኔ የማልቀበለው አንድ ነገር አለ። እነዚያ መመሪያዎች የተጻፉት ሰው በሌለበት ምድር ለጠፋ ሰው ነው። ካናዳ ወይም ሳይቤሪያ ውስጥ የወደቀ አብራሪ ሰው ሳያይ ሳምንት ሊያድር ይችላል፤ ስለዚህ ጎጆ መቀለስ አለበት፣ ማገዶ መቁረጥ አለበት። የእኛ ደጋ እንዲህ አይደለም። ሰሜን ተራሮች ላይ ከሳንቃ በር ተነሥታችሁ ወደ ጨነቅ ስትሄዱ፣ ማንም የለም ባላችሁበት ሸንተረር ላይ እረኛ ልጅ ብቅ ይላል። እንጦጦ ላይ፣ ወጨጫ ላይ፣ የረር ላይ ችግር የገጠመው ሰው የመጀመሪያ መሣሪያው ጉሮሮው ነው። «የሰው ያለህ!» ብሎ የጮኸ ሰው ማዶ ለማዶ ይሰማል፤ ገበሬው ደግሞ ምሳሩን ይዞ ነው የሚመጣው። በምሳር ሦስት ምት የሚበቃውን እንጨት በሽቦ ስንገዘግዝ ቢያየን ይስቅብናል፤ መሳቁም ተገቢ ነው።

እንግዲያው ሽቦው በአገራችን ለምን ይጠቅማል? በጩኸቱና በምሳሩ መድረስ መካከል ላለው ጊዜ ነው። በክረምት ጉም ሲወርድ፣ ከገደል ሥር ሆናችሁ ድምፃችሁ ወንዙን አልሻገር ሲል፣ ሲመሽ፣ ከእናንተ አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ መቆም ሲያቅተው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ጎጆ አይደለም፤ ማገዶም በሁለተኛ ደረጃ ነው። የሚያስፈልገው ቃሬዛ ነው።

ቃሬዛን ለእናንተ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ከመርካቶ ሰው ብዙው ከገጠር የመጣ ነው፤ ምጥ የያዛትን ሴት ወይም ከገደል የወደቀን ሰው ወንዶች ተራ በተራ ተሸክመው መኪና መንገድ እስኪደርሱ ሲሮጡ ያላየ፣ ቢያንስ ከወላጆቹ ሰምቷል። አምቡላንስ የሚመጣው መንገዱ እስካለበት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ እንደ ጥንቱ በትከሻ ነው። ለቃሬዛ የሚያስፈልጉት ሁለት ረጃጅም አጣናዎች፣ ሁለት አጫጭር ማገሮችና አንድ ጋቢ ናቸው። አጣናዎቹ ከሕመምተኛው ቁመት ቢያንስ በሁለት ክንድ ይርዘሙ፤ ከራስጌና ከግርጌ ተሸካሚው የሚይዝበት መትረፍ አለበት። ውፍረታቸው የእጅ አንጓ ያህል ይበቃል፤ ከዚያ ከወፈሩ ቃሬዛው ራሱ ሸክም ይሆናል። ልብ በሉ፣ የእጅ አንጓ ውፍረት ማለት ልክ የሽቦው መጋዝ አቅም ነው። ከዚያ በላይ አትጠይቁት፤ እስከዚያ ድረስ ግን ያደርሳችኋል።

ጋቢውን ዘርጉ፤ አንዱን አጣና ከስፋቱ ሲሶ ላይ አስቀምጡና ጋቢውን በላዩ እጠፉት። ሁለተኛውን አጣና በታጠፈው ላይ፣ ከመጀመሪያው ክንድ ከስንዝር ያህል አርቃችሁ አስቀምጡና የቀረውን በእሱ ላይ መልሱት። ሲተኙበት የራሱ የሰውየው ክብደት ጨርቁን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስፌትም ቋጠሮም አይፈልግም። ማገሮቹን ከራስጌና ከግርጌ አስራችሁ አጣናዎቹ እንዳይጠጋጉ አድርጉ። መጀመሪያ ጤነኛ ሰው አስተኝታችሁ አንሡት፤ ከዚያ ነው ሕመምተኛውን የምትጭኑት።

የተሰበረ እግር መደገፊያም ከዚሁ እንጨት ይወጣል። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እግሩን አጥብቃችሁ አትሰሩ። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው አላሉት። የወጌሻ እስራት ጠብቆ ደም በማቋረጡ ብቻ እጅ ወይም እግር ያጡ ልጆች በአገራችን ሆስፒታሎች ዛሬም አሉ። ያን ጊዜ ይኸው ሽቦ በሌላ መልክ፣ እግሩን ሊቆርጥ በቀዶ ሐኪም እጅ ይመጣል።

አሁን ወደ አቆራረጡ እንግባ፤ አናጢዎች ታገሡኝ፣ ብዙውን ታውቁታላችሁ።

ጣታችሁን ቀለበቱ ውስጥ አስገብታችሁ አትገዝግዙ። ሥጋ ይቆርጣል። በየቀለበቱ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል አጭር እንጨት አሳልፉና እሱን ያዙ። ክንዳችሁን ግራና ቀኝ የቻላችሁትን ያህል ክፈቱ። ሁለቱ እጆች ከተጠጋጉ ሽቦው እንጨቱን ተጠምጥሞ ይይዘዋል፤ ሰበቃው ይበዛል፣ ይግላል፣ በእያንዳንዱ ስበት ይታጠፋል። ግለቱና መታጠፉ ተደምረው ነው የሚበጥሱት። በሰፊው ተዘርግቶ ከተሳበ ግን እንጨቱን የሚነካው በትንሽ ቦታ ነው፤ ይቆርጣል እንጂ አያንቅም። ስበታችሁ ረጅምና የተረጋጋ ይሁን፤ የሽቦውን ሙሉ ርዝመት ተጠቀሙ። መሐሉን ብቻ እያመላለሰ የሚቸኩል ሰው ስንዝር የማይሞላ ቦታ ላይ ሙቀቱን ሁሉ ያከማችና እዚያው ይበጥሰዋል። ቢነክስባችሁ አትንጠቁት፤ ትንሽ አላሉት፣ ወደ መጣበት መልሱት፣ እንደገና ጀምሩ።

ሽቦ መጋዝን የሚገድለው ትልቁ ነገር ስንጥቁ ሲዘጋበት ነው። ተራ መጋዝ ሲያዝ በእጀታው ታወዛውዙታላችሁ፤ ሽቦ ግን ስለት እንጂ ጀርባ የለውም፤ አንዴ ከተያዘ ተያዘ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት እንጨቱ በየት በኩል እንደሚከፈት ተመልከቱ። ሁለት ጫፉ ድንጋይ ላይ ያረፈ፣ መሐሉ አየር ላይ ያለ ግንድ ሲቆረጥ የሚከፈተው ከታች ነው፤ ላዩ ይዘጋል። ይህ ለእኛ ሠርግና ምላሽ ነው፤ ሽቦውን ከሥሩ አሳልፋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። በአንድ በኩል ብቻ የተያዘ ቅርንጫፍ ደግሞ የሚከፈተው ከላይ ነው። ሽቦውን በላዩ ጥላችሁ ወደ ታች መሳብ ግድ ይሆናል፤ ያ ማለት እናንተ ከሥሩ ናችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ከደረታችሁ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ በሽቦ አትንኩ። በዩቲዩብ ገመድ ወርውረው ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ሲያወርዱ አይታችሁ ይሆናል፤ የሚያደርጉት የራስ ቁር አድርገው፣ ርቀው ቆመው ነው።

የቆመ ቀጭን አጣና ስትቆርጡ ሽቦውን ከኋላው አሳልፉና ወደ እናንተ ሳቡ። ጓደኛችሁ ጫፉን ይዞ በትንሹ ወደ ቆራጩ በኩል ያዘንብለው፤ የኋላው ስንጥቅ ይከፈታል። ጓደኛው እስኪያልቅ እንዳይለቅ፣ ቆራጩም ፊቱን ዞር አድርጎ ይሳብ። የተበጠሰ ሽቦ ወደ ዓይን ነው የሚሄደው።

ጊዜ ካላችሁ ደጋን ሥሩለት። ጥጥ የሚነድፉበትን ደጋን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ እርጥብና የሚለመጥ በትር ታጥፉና ጅማቱ በሚገባበት ቦታ ሽቦውን ትወጥራላችሁ። ሽቦው ቀጥ ብሎ ስለሚቆይ አይጠመዘዝም፣ ዕድሜው ይረዝማል፣ በአንድ እጅም ይሠራል። ክንዱ የተጎዳበት ሰው ሌላ ምርጫ የለውም።

ስለ እንጨቱ በአጭሩ። ደረቅ ጥድ ደህና ይቆረጣል፤ ሙጫው ግን ሽቦው ላይ ስለሚጋገር መሐል ላይ ጥረጉት። ቀርከሃ ይወደዋል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ዱቄቱ ስንጥቁን ይሞላዋል፤ ቶሎ ቶሎ አራግፉት። ወይራን ተዉት፤ ወይራ ሽቦ ይበላል።

የትኛውን ዛፍ ነው የምንቆርጠው የሚለውም አለ። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥን ይከለክላል። ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ መካከል አንዱ ነበር። እዚያ ያለው አስታ ለማደግ ዘመን ይፈጃል፤ ጅብራ ደግሞ ዓመታት ቆይቶ አንዴ አብቦ ይሞታል፤ ቢቆረጥም ክብደት የሚሸከም እንጨት አይወጣውም። የመናገሻ ሱባ ጥድ ዘሩ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ መጥቶ እንደተተከለ ይነገራል። «ማርሽሜሎ ልጥበስበት» ብሎ በእንዲህ ያለ ዛፍ ላይ መጋዝ የሚያሳርፍ ወጣት ካለ፣ መጋዙን እኔ እገዛዋለሁ፤ ይሽጥልኝ። ሰው ለማዳን ሁለት እንጨት መቁረጥ ሌላ ነገር ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ፈልጉ። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ዛሬ የሌለበት ደጋ ጥቂት ነው፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ባለቤቱ ሲመጣ ሂሳቡን ክፈሉ።

አሁን ወደ ገበያችን። ገዢ ሆናችሁ ስትመጡ ጥርሱን አትዩ፤ ጥርስ ሁሉም ያሳያል። ጫፉን እዩ። ይህ መጋዝ ከመሐሉ ከመበጠሱ በፊት ብዙ ጊዜ ከቀለበቱ ይላቀቃል። ሽቦው ተጠምዝዞ ብቻ ከቀለበቱ ጋር የተያያዘ ከሆነ ተዉት። በቱቦ ውስጥ ገብቶ የተጨፈለቀ ከሆነ ይሻላል። ደህናዎቹ ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች እርስ በርስ ተገምደው የተሠሩ ናቸው፤ ርካሾቹ ግን አንድ ወፍራም ሽቦ ሆነው በላዩ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመባቸው ናቸው፤ ያ ቀጭኑ ሽቦ በሁለተኛው ቀን ይተረተራል። ስቴንለስ መሆኑን በማግኔት ልፈትሽ የሚል ገዢ አለ፤ አይሠራም። ደህናው ስቴንለስም ሽቦ ተደርጎ ሲጎተት ማግኔት በትንሹ መሳብ ይጀምራል። የሚሻለው ፈተና ሌላ ነው። አንዱን ቀለበት በሞርሳ ወይም በደህና ሚስማር ላይ አድርጋችሁ ሌላውን በሁለት እጅ፣ በሰውነታችሁ ክብደት ሳቡ። ሻጩ ከከለከላችሁ ዕቃውን ያውቀዋል ማለት ነው።

ለሻጮችም አንድ ቃል። አንድ ቁራጭ አጣና ከአጣና ተራ አምጥታችሁ ከሱቁ ደጃፍ አስቀምጡ። «ሞክረህ ግዛ» የሚል ነጋዴ የሚያጣው ዕቃው የማይረባ ከሆነ ብቻ ነው።

ምናለሽ ተራ ላላችሁት ደግሞ ያለኝ ጥያቄ ነው። ከበርሜል ምድጃ፣ ከባሌስትራ ቢላ፣ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ የሚሠራ እጅ ይህችን ሽቦ ለመሥራት ምን ይጎድለዋል? የሞከሩ አሉ፤ እኔም ሠርተው ያመጡልኝን አይቻለሁ። ከጎማ ጠርዝ የሚወጣው ሽቦ ጠንካራ ነው፣ ግን ልሙጥ ነው፤ ብትገምዱትም ይሰብቃል እንጂ አይቆርጥም። የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ለስላሳ እንጨትና ቀርከሃ ይጎርዳል፤ ቀስ እያለ ነው እንጂ። ጥርሱ የሚገኘው ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች በእኩል ስትገምዷቸው ከሚፈጠረው ሸካራነት ነው፤ ይህም የትዕግሥት ሥራ ነው። ዋናው ስሕተት ግን ያየሁት ጫፉ ላይ ነው። ቀለበቱን በብየዳ ያጣብቁታል። ብየዳ የቀጭን ሽቦን ጥንካሬ ያወጣዋል፤ ከብየዳው ጥግ ላይ እንደ ክር ይበጠሳል። ጫፉን አጥፋችሁ፣ ትንሽ የመዳብ ቱቦ አልብሳችሁ፣ በፒንሳ ሳይሆን በሞርሳ ጨፍልቁት። ቀለበቱንም እርሱት፤ ዓይን ብቻ ተዉለት፣ ሁለት የወይራ እጀታ አብራችሁ ሽጡ። ዋይዝማን ቀለበት ጣሉ ያለው ለቦታ ቁጠባ ነበር፤ እኔ ግን የምለው ጣት እንዳይገባበት ነው።

ተራራ የማትወጡትም ቢሆን ባዶ እጃችሁን አትሄዱም። ቧንቧ ሠራተኞች ግድግዳ ጥግ የተጠጋ ፒቪሲ ቱቦ መቁረጥ ሲያቅታቸው ሰጌቶውን አስቀምጠው ጠንካራ ክር ወይም ሽቦ ከቱቦው ጀርባ ያሳልፉና እያመላለሱ ይስቡታል። ሰበቃው ፕላስቲኩን አቅልጦ ያልፋል። ግድግዳ ሳይፈርስ፣ ሴራሚክ ሳይነቀል ሥራው ያልቃል። ጂሊ ከዳሌ አጥንት ጀርባ ያደረገውን እናንተ ከመታጠቢያ ቤት ቱቦ ጀርባ ታደርጉታላችሁ።

ለእግረኛ ተጓዦች የመጨረሻውን እቅጩን ልንገራችሁ። ቦርሳ ከያዛችሁ መጀመሪያ ታጣፊ መጋዝ ግዙ። ስንዝር የሚያህል ስለት ያለው ታጣፊ መጋዝ ከዚህ ሽቦ በብዙ ይፈጥናል፣ አያደክምም፣ እንዲህ በቀላሉም አይበጠስም። ሽቦው የሚበልጠው ቦርሳው ከእናንተ በተለየ ጊዜ ነው። ቦርሳ ገደል ይገባል፣ በቅሎ ላይ ተጭኖ ይቀድማል፣ ውሃ ይወስደዋል፤ ኪስ ግን አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ቦርሳ ውስጥ ያለ ሽቦ መጋዝ ትርጉም የለውም። ግራሶ በትንሹ ቀቡት፣ በሰፊው ጠቅልሉት፤ ጠብቆ የተጠቀለለ ሽቦ ይሰበራል። በትንሽ ላስቲክ አድርጋችሁ ጃኬት ኪስ ውስጥ ስፉት። ከተጠቀማችሁበት በኋላ በጨርቅ ጥረጉት፤ የተጣጠፈበት ቦታ ካለ አዲስ ግዙ፣ አታቃኑት። የተቃና ሽቦ በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ላይ ይበጠሳል።

ከመድረኩ በስተቀኝ ሦስት አጣና፣ አንድ ቁራጭ ቀርከሃና አንድ ፒቪሲ ቱቦ አለ። ሽቦዎቹ አራት ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱ የተገዙ፣ ሁለቱ ከምናለሽ ተራ የመጡ። የእጅ ጓንት በካርቶኑ ውስጥ አለ፤ ያለ ጓንት አትንኩ። ልጆች ትንሽ ራቁ። ብረት ሠራተኞች መጀመሪያ ይምጡ፤ የምትሰጡት አስተያየት ካለ ማይኩ ክፍት ነው።